ለቡድኑ ማን ጎደለው? በጅማ ሆኖ ክላስ ስለመምረጥ

በኦንላይን የሚና ጨዋታዎች ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ነው። ገና አንድ ጠላት ሳይታይ፣ ገና አንድ ሳንቲም ሳይገኝ ክላስ፣ ማለትም ገጸ ባሕርያችን በጨዋታው የሚይዘው የሥራ ዓይነት፣ የሚመረጥበት ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ የሚደረገው ምርጫ ከወራት በኋላ ከማን ጋር እንደምንጫወት፣ ለምን እንደምንጠራ፣ ድንገት ስንጠፋም ማን እንደሚጎዳ ይወስናል። በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታ የሚወዱ ተማሪዎች የነገሩን ክብደት ያውቁታል። በዕረፍት ሰዓት ደብተራቸውን ይዘው የባዮሎጂ ጥያቄ ያላቸው መስለው ይመጡና «መምህር፣ የትኛው ክላስ ይሻላል?» ይሉኛል።

ጥያቄያቸውን አከብራለሁ። የማልስማማው ኢንተርኔት ላይ ከሚያገኙት መልስ ጋር ነው። የሚያገኙት ክላሶችን በጉልበታቸው የሚደረድር ሰንጠረዥ ነው፤ ይህ አንደኛ፣ ያ መጨረሻ። ሰንጠረዡን የሚያዘጋጁት ሰዎች መብራታቸው አይጠፋም፣ ኔትወርካቸው አይንቀራፈፍም፣ ቡድናቸውም ሁልጊዜ ሙሉ ነው። እኔ የምጽፈው ከጅማ ነው። እዚህ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ ነጎድጓድ ባለበት ምሽት መብራቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ማንም ቃል አይገባም። ይህ ሁሉ ክላስ በመምረጥ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገባው ግን ሰው ነው፤ አብረውን የሚጫወቱት ሰዎች።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሲያወጡ ጨዋታው በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚካሄድ ነበር። ክላሶቹም ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ እና ካህን። ሌባው የተጨመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳስብ የሚያስደንቀኝ እያንዳንዱ ሆን ተብሎ ጎደሎ ሆኖ መሠራቱ ነው። ተዋጊው ይመታል፣ ይመከታል፤ የራሱን ቁስል ግን አያድንም። አስማተኛው ጠላትን በአንድ ጊዜ ይደመስሳል፤ ሰውነቱ ግን ደካማ ነው፣ ጥሩርም አይለብስም። ካህኑ ያድናል፤ ስለት ያለው መሣሪያ ግን አይፈቀድለትም። አንዱ ብቻውን ሩቅ እንዳይሄድ ተደርጎ ተሠርቷል። የጨዋታው ፈጣሪዎች ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ፈልገው ነበርና የአንዱን ጉድለት የሌላው ችሎታ እንዲሞላው አደረጉት።

ይህ አሳብ ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኤቨርክዌስት ተጫዋቾችን እንደ ብረት አያይዞ ያስቀመጠ ጨዋታ ነበር፤ በዚያ ዓለም ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙም አይራመድም። በ2004 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሲመጣ ክላሶቹ ዘጠኝ ሆኑ፦ ዋሪየር፣ ፓላዲን፣ ሀንተር፣ ሮግ፣ ፕሪስት፣ ሻማን፣ ሜጅ፣ ዋርሎክ እና ድሩይድ። ከጨዋታው ሁለት ተቀናቃኝ ወገኖች ፓላዲን የአሊያንስ፣ ሻማን የሆርድ ብቻ ነበሩ፤ ይህ ድንበር የፈረሰው በ2007 ነው። ዛሬ ክላሶቹ 13 ደርሰዋል። እኛ የምንጫወተው ግን በ2019 ክላሲክ ተብሎ እንደገና የተከፈተውን የጥንቱን ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ ይቀላል፤ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉበት ጨዋታም እርሱ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። በአምስት ሰው ቡድን ወደ ዋሻ ሲገባ እያንዳንዱ ጠላት ማንን እንደሚመታ የሚወስን የተደበቀ ቁጥር አለ፤ ቁጣ እንበለው። ማንኛውም ጉዳት ማድረስ ያንን ቁጥር ያሳድገዋል፤ ቁስል ማዳንም ያሳድገዋል። የታንኩ፣ ማለትም ከፊት ቆሞ ምቱን የሚቀበለው ሰው፣ ሥራ ከሁሉም በላይ ሆኖ ቁጣውን ወደ ራሱ መሳብ ነው። የፈዋሹ ሥራ ታንኩን በሕይወት ማቆየት ነው። የቀሩት ሦስቱ ጠላትን ይጥላሉ፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ ከቸኮሉ ቁጣው ወደ እነርሱ ይዞርና ይወድቃሉ። እንግዲህ አምስት ሰው፣ አንዱ የሌላውን ፍጥነት እየጠበቀ፣ አንዱ ለሌላው እየታገሠ መሄድ አለበት። በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። በዝናባማ ማታ፣ አንዱ ላይ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ሌላው ጋ እናቱ ለእራት እየጠራችው ሲሆን ግን ትልቅ ጥበብ ነው።

የእኛ ቡድን አምስት ነው። እኔ ፕሪስት ነኝ፤ ፈዋሽ። ታናሽ ወንድሜ ዋሪየር ሆኖ ታንክ ነው። ጎረቤታችን የሆነች ነርስ ሮግ ናት፤ ተደብቃ የምትመታ። አብሮ አደጌ፣ ቤተሰቦቹ ወደ አጋሮ በኩል ቡና ያላቸው፣ ሀንተር ነው፤ አውሬ የሚያላምድ አዳኝ። ጀርመን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሜጅ፣ አስማተኛ፣ ናት፤ የእኔንና የወንድሜን ወርኃዊ የጨዋታ ክፍያም የምትሸፍነው እርሷ ናት። ሁላችንም ክላሳችንን የመረጥንበት ምክንያት ከየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ከአብሮ አደጌ ልጀምር። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ዋርሎክ እንዲሆን ይመክረው ነበር፤ ብቻውን ለመጫወት ከሚመቹት ክላሶች አንዱ ነውና። ዋርሎክ ግን ጋኔን ጠርቶ የሚያዝ ነው። አብሮ አደጌ ያደገው በሃይማኖቱ ጥብቅ በሆነ ቤት ነው፤ ጨዋታ መሆኑን እያወቀም ስክሪኑ ላይ ጋኔን አስከትሎ መሄድ አልፈለገም። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ሊያሳምኑት ይሞክራሉ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው እላለሁ። ለብዙ መቶ ሰዓታት የምናየው ገጸ ባሕርይ ዓይናችንን የሚቆረቁረው መሆን የለበትም። ሀንተር መረጠ፤ ነብር አላምዶ፣ ከእጁ እያበላ፣ አስከትሎ ይዞራል። እርሱ የመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። ቡና ሲደርስ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ለሳምንታት አናገኘውም፤ ለቀማው፣ ማድረቁ፣ ሌሊት ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና መጠበቁ ከቤተሰቡ ጋር ያውለዋል። ሲመለስ እኛ ብዙ ርቀን ሄደናል። ሀንተር ግን ብቻውን ያለማንም እርዳታ ደረጃውን ማሳደግ ስለሚችል በሳምንት ውስጥ ይደርስብናል። ታንክ ወይም ፈዋሽ ቢሆን ኖሮ እርሱ ለቀማ ላይ ሳለ አራታችን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ነበር። ይህን ቀድሞ አስቦበታል። የሕይወቱን ወቅት አይቶ ክላስ የሚመርጥ ሰው እንደ አስተዋይ አየዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ኔትወርኩ። የምንጫወትበት ሰርቨር አውሮፓ ነው፤ ከጅማ በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ መልእክት ሄዶ ለመመለስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይችልም። መንገዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔታችን ገመድ በጎረቤት አገሮች በኩል፣ በተለይ በጅቡቲ፣ ወጥቶ የባሕር ውስጥ ገመዶችን ይይዛል፤ በየመገናኛው ይዘገያል። እኔ ጋ መልካም በሆነ ምሽት 200 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ባልሆነ ምሽት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ቁጥር ሁሉንም ክላስ እኩል አይጎዳም፤ ሰንጠረዦቹ የሚዘሉት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሮግን ውሰዱ። የሮግ ጥሩ ምት ከጠላት ጀርባ የሚሰነዘር ነው። በዘገየ ኔትወርክ ግን ስክሪን ላይ የምናየው ጠላት ከአፍታ በፊት የነበረበት ቦታ ነው፤ ጀርባው ላይ ነኝ ሲሉ ፊቱ ላይ ይገኛሉ። የጠላትን አስማት በእርግጫ ማቋረጥም የሮግ ሥራ ነው፤ ጠላት መጀመሩን ዘግይተን እናያለን፣ የተጫንነው ቁልፍ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሁለቱ ተደማምረው ዕድሉ ያመልጣል። ፈዋሽ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በዚህ ጨዋታ አብዛኛው ችሎታ አንዴ ከተሠራበት በኋላ ለ1.5 ሰከንድ ሌላ አያስነካም። ትልቁ የፕሪስት ፈውስ ለመሠራት እስከ 3 ሰከንድ ይፈጃል። ሌላው ደግሞ አንዴ ከተደረገ ለ15 ሰከንድ ቀስ በቀስ ቁስል የሚያሽር ነው። በእነዚህ ጊዜዎች ውስጥ 200 ሚሊሰከንድ ብዙ ቦታ አይይዝም። የፈዋሽ ጥበብ ከፍጥነት ይልቅ ቀድሞ በማየት ላይ ያርፋል፦ ታንኩ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት፣ ፈውሱን ከጉዳቱ በፊት መጀመር፣ ካላስፈለገ ሳይጠናቀቅ ማቆም።

ፕሪስትን ስመርጥ ይህን ሁሉ አስልቼ ነበር። ስውል ስሰነብት የወደድኩት ነገር ግን ከስሌቱ ውጭ ነው። ፕሪስት አስማቱን የሚሠራበት ማና ከሥራ በኋላ ለ5 ሰከንድ ሌላ አስማት ሳይሠራ ሲቀር ነው በተፈጥሮ መንገድ መሙላት የሚጀምረው። ይህ ማለት መልካም ፕሪስት ባለማድረግም ይለካል። ታንኩ ሲቆስል እያዩ፣ እጅ ቁልፉ ላይ ሆኖ፣ «አሁን አይደለም፤ ገና ይችላል» ብሎ መታገሥ አለ። አዲስ ፈዋሽ ትንሽ ጭረት ባየ ቁጥር ይደነግጥና ያድናል፤ ወሳኙ ሰዓት ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል። ታግሦ የቆየው ግን የቡድኑን ትንፋሽ ያውቃል። እኔ ወንድሜን ስንት ምት እንደሚችል በዓይኔ ሳላይ በስሜት የማውቅበት ደረጃ ላይ ደርሻለሁ፤ ይህ በሌላ በምንም መንገድ የማላገኘው ዓይነት ቅርበት ነው።

የመብራቱን ነገር በሚመለከት እንዲህ ተስማምተናል። ላፕቶፖቻችን ባትሪ አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ የቤቱ ዋይፋይ ይሞታል እንጂ ስልክ ላይ ያለው ኢንተርኔት ጥቂት ይቆያል። ስለዚህ እኔና ወንድሜ ሁልጊዜ ስልካችንን አጠገባችን አድርገን ነው ዋሻ የምንገባው። ሦስቱ መቺዎች ቢጠፉ ቡድኑ ይዘገያል። ታንኩ ወይም ፈዋሹ ቢጠፋ ግን በሰከንዶች ውስጥ ሁሉም ይሞታል። በዚህ ስሌት ታንክ መሆን የሚገባት የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ ጀርመን መብራት አይጠፋባትም፣ ሰርቨሩም ደጇ ነው። ወንድሜም ይህንኑ ነገራት፦ «አንቺ ጋ እኮ ሁሉም ነገር አስተማማኝ ነው፤ ታንኩ አንቺ ሁኚ» አላት። የመለሰችለትን አልረሳውም። «ቀኑን ሙሉ ሰው እኔን እየጠበቀ ነው የምውለው፤ ማታ ከእናንተ ጋር ስሆን ከኋላ ሆኜ መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። ሜጅ መረጠች። ሜጅ ከባዶ እጁ ውኃና ምግብ ያወጣል፤ በር ከፍቶም ሰውን ወደ ሩቅ ከተማ ያሻግራል። ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ለእኔ ውኃ ትሰጠኛለች፤ እጠጣለሁ፣ ማናዬ ይሞላል፣ እንቀጥላለን። የወር ክፍያችንን የምትልክልን ልጅ በጨዋታውም ውኃ አቀባያችን ሆና ስትገኝ አንጀቴን ይበላኛል።

እንግዲህ ታንክነቱ ለወንድሜ ቀረ። ሰፈር ውስጥ ኳስ ስንጫወት ግብ ጠባቂነት ማንም የማይፈልገው፣ ለመጨረሻው ሰው የሚተርፍ ቦታ እንደሚሆነው ሁሉ፣ በአብዛኛው ቡድን ታንክነትም እንዲሁ ነው፤ ስህተቱ ለሁሉም ይታያል፣ ልፋቱ ግን አይታይም። ወንድሜ ግን ሳይታዘዝ ራሱ አነሣው። ያነሣበትን ጊዜ ሳስብ ክብደቱ ይሰማኛል።

ያን ጊዜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ በዚያ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወንድሜ ከእነዚያ በኋላ ተፈትኖ አለፈ፤ ቤታችን ተደሰተ። ከዚያ ምደባ መጣ። የትምህርት ዘርፍ ምርጫውን ሞላ፤ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም አላገኘም። አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን ታሪክ በየዓመቱ ከብዙ ልጆች አፍ እሰማለሁ። ቅጹ ላይ ቁጥር ይሞላሉ፣ ውጤትና የመቀበያ ቦታ ይወዳደራሉ፣ ከዚያ አንድ ስም ይደርሳቸዋል። ብዙዎቹ የደረሳቸውን ወድደው ይኖሩበታል፤ ወንድሜም ዛሬ ትምህርቱን እየወደደው ነው። ነገር ግን በ18 ዓመቱ ስለራሱ አንድ ትልቅ ምርጫ በገዛ እጁ አድርጎ አያውቅም ነበር።

ያ የክላስ ገጽ የከፈተለት ይህን ነው። ዘጠኝ ክላስ ተደርድሯል፤ ማንም ውጤቱን አይጠይቀውም፣ የመቀበያ ቦታ አይሞላም። ይህን ሁሉ ነፃነት ይዞ ከሁሉ የከበደውን መረጠ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ሁላችሁም የምትወዱትን ስትመርጡ ከፊት የሚቆም ሰው አልነበረም» አለኝ። ተማሪዎቼ የትኛው ክላስ ይሻላል ሲሉኝ ይህን መልስ ነው የምነግራቸው። ከማን ጋር ልትጫወቱ ነው? እነርሱ ምን መርጠዋል? ማን ጎድሏል? ይህ ጥያቄ አንድን ልጅ ከሰንጠረዡ አንሥቶ ወደ ጓደኞቹ ፊት ይመልሰዋል።

በእርግጥ የሚጎድለውን ሁሉ መሙላት ግዴታ ነው እያልኩ አይደለም። ይህን ያስተማረችኝ ነርሷ ናት። እርሷ ወደ ቡድናችን ስትመጣ ሁላችንም ፈዋሽ ትሆናለች ብለን ነበር፤ እኔም ሁለተኛ ፈዋሽ ቢኖረን ደስ ይለኝ ነበር። ጥያቄውን ሳቀርብላት አየችኝና «ወንድሜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዋርድ ውስጥ ሰው ሳገላብጥ አድሬ፣ እዚህም ሰው እንዲሞትብኝ ትፈልጋለህ?» አለችኝ። ሮግ ሆነች። ተደብቃ ትሄዳለች፣ የተቆለፈ ሣጥን ትከፍታለች፣ ማንም ሳያያት ገብታ ትወጣለች። በኔትወርኩ ምክንያት ሮግ እዚህ የሚከብድ ክላስ መሆኑን ነግሬያታለሁ፤ ጠላትን ወንድሜ ወደ ግድግዳ አስጠግቶ እንዳይንቀሳቀስ ሲያደርግላት፣ እርሷም ጀርባው ላይ ተረጋግታ ስትቆም ችግሩ ቀለለ። ቡድኑ ለእርሷ ራሱን አስተካከለ ማለት ነው። ቀን በሥራ ላይ የሰውን ሕይወት የሚሸከም ሰው ማታ ያንን ሸክም ማስቀመጥ መብቱ ነው። እኔ ደግሞ ቀን ሃምሳ ስልሳ ልጅ ፊት ቆሜ ማናቸውንም በቅርበት ለመርዳት ጊዜ የማይበቃኝ ሰው ስለሆንኩ፣ ማታ አራት ሰው ብቻ መንከባከብ ዕረፍቴ ነው። ክላስ ለአንዱ የቀኑ ቀጣይ፣ ለሌላው የቀኑ ማረፊያ ይሆናል።

ፈዋሾችን በተመለከተ፣ እንደ ባዮሎጂ አስተማሪ፣ ሳልነግራችሁ የማላልፈው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2005 በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ዙል ጉሩብ በሚባል አዲስ ቦታ ሃካር የሚባል ኃይለኛ ጠላት ተከፈተ። ይህ ጠላት ተጫዋቾችን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍ የደም በሽታ ይመታ ነበር። በሽታው ከዚያ ክፍል እንዳይወጣ ነበር የታሰበው። ሆኖም የሀንተሮችና የሌሎች ተከታይ እንስሳት በበሽታው ሳሉ ይሰናበቱና በከተማ ውስጥ እንደገና ሲጠሩ በሽታውን ይዘውት መጡ። ከተሞች በሬሳ ተሞሉ። ደረጃቸው ከፍ ያለ ተጫዋቾች ይቋቋሙታል፤ ጀማሪዎች በሰከንዶች ያልቃሉ። በየከተማው የቆሙት በኮምፒውተር የሚመሩ ገጸ ባሕርያት ደግሞ ሳይሞቱ በሽታውን ያስተላልፉ ነበር፤ እኛ ክፍል ውስጥ ምልክት የማያሳይ ተሸካሚ የምንለው ማለት ነው። በመጨረሻ ጉዳዩ የቆመው ኩባንያው ሰርቨሮቹን እንደገና አስነሥቶ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኤሪክ ሎፍግሬን እና ኒና ፌፈርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለዚህ ክስተት በአንድ የታወቀ የተላላፊ በሽታዎች የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል፤ ሰዎች በወረርሽኝ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ ለመረዳት ጨዋታው ይጠቅማል ሲሉ። ከዚያ ሁሉ ልቤን የሚነካኝ አንድ ነገር ነው። ከተማው በበሽታ ሲያዝ አንዳንዱ ሸሸ፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ አሰራጨ። የመፈወስ ችሎታ ያላቸው ደግሞ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ሽልማት ሳይኖረው፣ ወደ በሽታው ሄደው የማያውቋቸውን ሰዎች ለማዳን ሞከሩ። ክፍል ውስጥ ስለ ወረርሽኝ ሳስተምር ይህን እነግራቸዋለሁ፤ የሚተኛ ተማሪ የለም። ከወራት በፊት በአንድ ገጽ ላይ «ፈዋሽ» የሚለውን የተጫነ ሰው፣ በዚያች ቀን የሚያደርገው ነገር ነበረው።

ክላስ የሌላቸው ጨዋታዎችም እንዳሉ ተማሪዎቼ ያስታውሱኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ሩንስኬፕ ክላስ የለውም፤ ተጫዋቹ ዓሣ ማስገርን፣ ማዕድን ማውጣትን፣ አስማትን፣ ውጊያን ሁሉንም እስከ 99ኛ ደረጃ ያሳድጋል፤ 92ኛው ላይ ሲደርስ የልምዱ ግማሽ ገና እንደቀረው ያውቃል። በስልክም ስለሚሠራ እዚህ ላሉ ልጆች ከሁሉም ይቀርባል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ደግሞ ክላሶች ቢኖሩትም አንድ ገጸ ባሕርይ መሣሪያውን በመቀየር ብቻ ሁሉንም እንዲሆን ይፈቅዳል። ሁለቱንም አልጠላም። ሁሉንም የመሆን ነፃነት ለተጨናነቀ ወጣት ምን እንደሚሰጠው ይገባኛል። እኔ ግን የምወደው መዘጋቱን ነው። ፕሪስት ስሆን ውኃ ማውጣት አልችልም፤ ስለዚህ የአክስቴን ልጅ እጠብቃለሁ። የተቆለፈ ሣጥን መክፈት አልችልም፤ ስለዚህ ነርሷን እጠራለሁ። ሁሉን የሚችል ሰው ማንን ይጠራል?

ስለ ጉልበት ሰንጠረዡ የምለው የመጨረሻ ነገር ቢኖር ጊዜያዊነቱ ነው። በዘመናዊው የጨዋታው ቅጂ ፈጣሪዎቹ በየጊዜው የክላሶችን ኃይል ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። በጉልበቱ የተመረጠ ክላስ ጉልበቱ ሲቀነስ ምን ይቀረዋል? በአካሄዱ፣ በሥራው፣ በጓደኞቹ መሃል ባለው ቦታ የተመረጠ ግን ቁጥሩ ቢወርድም ሥራው አይጠፋም። ልጆቹ ሁለት ሦስት ክላስ እስከ 10ኛ ደረጃ ሞክረው እንዲያዩ እመክራቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፣ እጃቸው የትኛውን እንደሚወድ ይነግራቸዋል። ብቻውን የሚጫወት ልጅ ከሆነ ሀንተር እለዋለሁ። ጓደኞች ካሉት አስቀድሞ እነርሱን እንዲጠይቅ እልከዋለሁ።

ሰሞኑን ሁላችንም ከመጀመሪያው ደረጃ አዲስ ገጸ ባሕርይ ልንጀምር ተስማምተናል። ወንድሜ ታንክነቱን አልለቅም ብሏል። የአክስቴ ልጅ በዚህኛው ዙር ፓላዲን ልሞክር ትላለች። አብሮ አደጌ ከለቀማ በኋላ ይቀላቀለናል፤ ሀንተርነቱን የሚቀይር አይመስለኝም። ያልጠበቅሁት የነርሷን ነው። ትናንት ማታ ከሥራ ወጥታ በራችን ላይ ቆማ «ድሩይድ ያድናል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያድናል፣ ድብም ይሆናል፣ ድመትም ይሆናል፤ ነገር ግን በክላሲክ እንደ ሌሎቹ ፈዋሾች የሞተ ጓደኛን እንደልቡ ማስነሣት እንደማይችል፣ በየ30 ደቂቃው አንድ ሰው ብቻ እንደሚያስነሣ ነገርኳት። ለፈዋሽ ይህ ትልቅ ጉድለት ነውና ፕሪስት ወይም ፓላዲን ይሻልሽ ነበር አልኳት። ጥቂት አሰበችና «አንድ ሰው ይበቃኛል። ድሩይድ እሆናለሁ» አለች።